ያልወጣች እጅ

በወርሃዊ ስብሰባችን ብዙውን ጉዳይ የምንወስነው እጅ በማውጣት ነው። መዋጮ ሲጨመር፣ አዲስ አባል ስትገባ፣ ለታመመች እህት ከካዝና ገንዘብ ሲወጣ ሰብሳቢያችን የምትደግፉ ትለናለች፤ እጆች ይወጣሉ። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ጊዜ እጃችን የሚወጣው ነገሩን አምነንበት ሳይሆን የጎረቤታችን እጅ ስለወጣ ነው። ለብቻ መቅረት ይከብዳል። በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ የሌሎቹ እጆች ሲወጡ እጃቸውን ሳያወጡ የቀሩ የአንድ ሰው ታሪክ ነው።

ሰውየው ያኖሽ ኤስተርሃዚ ይባላሉ። በቼኮዝሎቫኪያ፣ ኋላም በስሎቫኪያ ለሚኖሩት የሃንጋሪ ተወላጆች በምክር ቤት ይናገሩ የነበሩ ፖለቲከኛ ናቸው። በሃንጋሪና በፖላንድ ስማቸው በክብር ይነሣል። በስሎቫኪያ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያከራክራል። እኛም ታሪካቸውን ስናነብ ሁለቱንም ወገን ለመስማት ሞክረናል። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድንበሩ የሄደባቸው ሰዎች

ኤስተርሃዚ የተወለዱት ማርች 14 ቀን 1901 ኒትራ ከተባለች ከተማ አጠገብ ባለ መንደር ነው። ቦታው ዛሬ ስሎቫኪያ ውስጥ ይገኛል፤ በዚያን ጊዜ ግን የሃንጋሪ መንግሥት አካል ነበር። የአባታቸው ወገን ከሃንጋሪ ታላላቅ መሳፍንት ቤቶች አንዱ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ልጁ የ4 ዓመት ሕፃን ነበሩ። እናታቸው ኤልዝቢየታ ታርኖቭስካ የፖላንድ ሰው ሲሆኑ፣ በክራኮው ዩኒቨርሲቲ የታወቁ የሥነ ጽሑፍ ሊቅ ልጅ ነበሩ። ያኖሽን፣ ሉይዛንና ማሪሽካን ያለ አባት ያሳደጉት እኚህ እናት ናቸው። ቤቱ የባላባት ቤት ስለነበር ኑሮው ከእኛ ብዙዎቻችን ኑሮ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም በሰው አገር ባል የሞተባት ሴት ልጆችን ለብቻ ማሳደግ ምን እንደሆነ ለማኅበራችን አባላት መንገር አያስፈልግም።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የኦስትሪያና የሃንጋሪ ጥምር መንግሥት ፈረሰ። በ1920 በትሪያኖን ውል ሃንጋሪ ከቀድሞ ግዛቷ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አጣች። ከሃንጋሪ ተወላጆችም በሚሊዮን የሚቆጠሩት በአዲሶቹ ጎረቤት አገሮች ውስጥ ቀሩ። የኤስተርሃዚ መንደር በቼኮዝሎቫኪያ ሥር ሆነች። ሰዎቹ ከቤታቸው አልተነሡም፤ ድንበሩ ነው ተነሥቶ የሄደባቸው። ትናንት ባለ አገር የነበረው ዛሬ አናሳ ሆነ። አዲሱ መንግሥት ባወጣው የመሬት አዋጅም ቤተሰቡ አብዛኛውን ርስቱን አጣ።

በስሎቫኪያ ብቻ ከ600 ሺህ በላይ የሃንጋሪ ተወላጆች ነበሩ። የቼኮዝሎቫኪያ ሕግ ለአናሳዎች መብት ይሰጥ ነበር፤ መብቱ ግን በቁጥር የታሰረ ነው። በ1920 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አንድ ሕዝብ በቋንቋው መንግሥት ቤት ገብቶ አቤት ለማለት በወረዳው ከሚኖረው ሕዝብ ቢያንስ 20 በመቶ መሆን ነበረበት። ስለዚህ የሕዝብ ቆጠራ በመጣ ቁጥር ጭንቀት አለ። በ1930 ቆጠራ ኮሺትሴ በተባለችው ትልቅ ከተማ የሃንጋሪዎቹ ቁጥር ከ20 በመቶ በታች ወረደ። እናት የልጇን የትምህርት ጉዳይ፣ ገበሬ የመሬቱን ክርክር በሚያውቀው ቋንቋ ማስረዳት መቻሉ በጥቂት ሰዎች ቁጥር ይወሰን ነበር ማለት ነው።

ወደ ምክር ቤት

ኤስተርሃዚ ወደ ፖለቲካ የገቡት ከዚህ ችግር ተነሥተው ነው። በ1932 መጨረሻ፣ ገና በ31 ዓመታቸው፣ የሃንጋሪዎቹ የክርስቲያን ሶሻሊስት ፓርቲ ሊቀ መንበር ሆኑ። በ1935 ከኮሺትሴ ተመርጠው ፕራግ ወዳለው ምክር ቤት ገቡ። በዚያ ዘመን የአናሳ ሕዝቦች አቤቱታ በጄኔቫ ላለው የመንግሥታት ማኅበርም ይቀርብ ስለነበር እሳቸውም በዚያ በኩል ብዙ ደክመዋል። ይህ ማኅበር በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስለ ኢትዮጵያ ቀርበው አቤት ያሉበት ያው ማኅበር ነው። ምን ያህል ሰሚ እንደነበረ እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቀዋለን።

በዚያው በ1936 ሁለቱ የሃንጋሪዎች ፓርቲዎች ተዋሐዱ። አንዶር ያሮሽ የተባሉ ሰው ፕሬዚዳንት፣ ኤስተርሃዚ ደግሞ የሥራ አስፈጻሚው መሪ ሆኑ። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ኤድቫርድ ቤኔሽ ለኤስተርሃዚ የሚኒስትርነት ቦታ አቀረቡላቸው፤ እሳቸው ግን አልተቀበሉም። የጠየቁት ለሕዝባቸው መብት እንጂ ለራሳቸው ወንበር አልነበረም።

ይሁንና የስሎቫክ ታሪክ ጸሐፊዎች የሚያነሡባቸውን ነገር መዝለል አይገባንም። ፓርቲያቸው ከቡዳፔስት መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ያገኝ ነበር። ኤስተርሃዚ ራሳቸውም ድንበሩ ተመልሶ እንዲሠመር ይፈልጉ ነበር። ይህ ለሃንጋሪዎች የተወሰደን መመለስ ነው፤ ለቼኮችና ለስሎቫኮች ግን አገር ማፍረስ ነው።

አንዱ ሄደ፣ አንዱ ቀረ

የተመኙት መጣ፤ የመጣው ግን በሂትለር ጉልበት ነው። ኖቬምበር 2 ቀን 1938 ጀርመንና ኢጣሊያ በቪየና በሰጡት ፍርድ ሃንጋሪዎች የሚበዙበት የደቡብ ስሎቫኪያ ግዛት ለሃንጋሪ ተሰጠ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሃንጋሪው ገዥ ሆርቲ ወደ ኮሺትሴ ሲገቡ ኤስተርሃዚ ከተቀባዮቹ መካከል ነበሩ። በዚያ የደስታ ቀን የተናገሩት ግን ለብዙ ጆሮ እንግዳ ነበር። አሁን በሃንጋሪ ሥር የገቡት ስሎቫኮች ቋንቋቸውና ባህላቸው እንዲከበርላቸው፣ ሃንጋሪዎች ትናንት ለራሳቸው የጠየቁትን ዛሬ ለሌላው እንዳይከለክሉ ለመኑ።

ከዚያ በኋላ የሁለቱ የፓርቲ መሪዎች መንገድ ተለያየ። አንዶር ያሮሽ ወደ ሃንጋሪ ተሻግረው ሚኒስትር ሆኑ። በ1944 ጀርመን ሃንጋሪን ስትይዝ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ነበሩ፤ ከ400 ሺህ በላይ አይሁዶች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተግዘው ወደ ሞት የተላኩት በእሳቸው ሥልጣን ጊዜ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በፍርድ በሞት ተቀጡ።

ኤስተርሃዚ ደግሞ በስሎቫኪያ በኩል ቀሩ። ከአዲሱ ድንበር ወዲያ 70 ሺህ ያህል የሃንጋሪ ተወላጆች ስለቀሩ እነሱን ጥሎ መሄድ አልሆነላቸውም። ማርች 14 ቀን 1939፣ ልክ በ38ኛ የልደት ቀናቸው፣ ስሎቫኪያ በጀርመን ጥላ ሥር ነጻ መንግሥት ነኝ ብላ አወጀች። በዚህ መንግሥት ምክር ቤት ውስጥ ብቸኛው የሃንጋሪዎች እንደራሴ እሳቸው ሆኑ።

ሥራው አስቸጋሪ ነበር። አዲሱ ሕገ መንግሥት የአናሳዎችን መብት የሚሰጠው በልክ ነበር፦ ሃንጋሪ ውስጥ ያሉ ስሎቫኮች ያገኙትን ያህል ብቻ ነው ስሎቫኪያ ውስጥ ያሉ ሃንጋሪዎች የሚያገኙት። ቡዳፔስት አንድ የስሎቫክ ትምህርት ቤት ብትዘጋ ቅጣቱ በኤስተርሃዚ ሰዎች ላይ ይወርዳል። እንደ መያዣ ዕቃ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሕዝብን የሚወክል ሰው መንግሥትን ማስቀየም ምን እንደሚያስከትል ጠንቅቆ ያውቃል። አንገቱን ደፍቶ የራሱን ወገን ጉዳይ ብቻ ቢከታተል ማንም አይፈርድበትም።

ሜይ 15 ቀን 1942

ኤስተርሃዚም ለጊዜው አንገታቸውን የደፉበት ወቅት አለ። ስለ አይሁዶች ከዘመኑ ጥላቻ ነጻ ያልሆኑ ንግግሮች ተናግረዋል። በ1940 መንግሥት የአይሁዶችን ንብረት ለመውሰድ የተጠቀመበትን ሕግ ደግፈው ድምፅ ሰጥተዋል። እስራኤል ያለው የያድ ቫሼም ተቋም አይሁዶችን ላዳኑ ጻድቃን የሚሰጠውን ማዕረግ ለእሳቸው አልሰጠም። ይህን ሳይነግሩ የሚያወድሷቸው ግማሹን ታሪክ ነው የሚያወሩት።

በ1942 ግን ነገሩ ከንብረት አለፈ። ማርች 25 ቀን ፖፕራድ ከተባለችው የስሎቫኪያ ከተማ አንድ ባቡር ተነሣ። ተሳፋሪዎቹ አንድ ሺህ ያህል ያላገቡ አይሁዳውያት ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ገና ልጃገረዶች ናቸው። ለጥቂት ወራት ሥራ ትሄዳላችሁ ተብለው ሻንጣቸውን ይዘው ነው የወጡት። ባቡሩ የሄደው ወደ አውሽዊትስ ነበር። የስሎቫኪያ መንግሥት ለተጋዘው ለእያንዳንዱ ሰው ለጀርመን 500 ማርክ ለመክፈል ተስማምቶ ነበር። ከመጀመሪያው ባቡር በኋላ ሌሎቹ ተከታተሉ። ቤተሰብ በሙሉ ከነሕፃናቱና ከነአረጋውያኑ ይጫን ጀመር።

ይህ ሁሉ ሲደረግ የሕግ ሽፋን አልነበረውም። ስለዚህ መንግሥት ሜይ 15 ቀን ለምክር ቤቱ ረቂቅ አቀረበ። ሕጉ አይሁዶችን ከአገር ለማስወጣት፣ ዜግነታቸውን ለመግፈፍና ንብረታቸውን ለመውረስ የሚፈቅድ ነበር። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዮዜፍ ቲሶ የካቶሊክ ቄስ ናቸው፤ በምክር ቤቱ ውስጥም ካህናት ነበሩ። ድምፅ የሚሰጠው በእጅ ነው። አንዳንዶቹ አባላት ከአዳራሹ ወጡ፣ ወይም ሳይመጡ ቀሩ። በስፍራው ተቀምጠው እጃቸውን ለሕጉ ያላወጡት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ኤስተርሃዚ ናቸው።

የሰጡት ምክንያት ሁለት ነበር። አንደኛው ሃይማኖታቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የአናሳ ሕዝብ ወኪል መሆናቸው ነው። ብዙኃኑ ጥቂቶቹን በሕግ ሲያስወጣ፣ የሌሎች ጥቂቶች ወኪል ይህን ሊደግፍ አይችልም አሉ። ለራሳቸው ሰዎች ሲጠይቁት የኖሩትን ለሌላው መንፈግ ለእሳቸው የማይሆን ነገር ነበር።

ያች አንድ እጅ ሕጉን አላስቀረችም። ባቡሮቹም አልቆሙም። በዚያ ዓመት ብቻ ከስሎቫኪያ 58 ሺህ ያህል አይሁዶች ተጋዙ፤ ከእነሱ የተረፉት ጥቂት መቶዎች ናቸው። የአክራሪዎቹ ጋዜጣ ኤስተርሃዚን አብጠለጠላቸው። እሳቸው ግን ከድምፁ በኋላ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ቀድሞ በ1939 የእናታቸውን አገር ፖላንድን ጀርመን ስትወርር ሸሽተው ለመጡ ፖላንዳውያን መሻገሪያ እንዳበጁ ሁሉ፣ አይሁዶችን፣ ቼኮችንና ስሎቫኮችንም ወደ ሃንጋሪ እንዲሻገሩ ረድተዋል።

ሁሉም የሚከስሳቸው ሰው

በ1944 መጨረሻ የሃንጋሪ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ኤስተርሃዚን አሠሯቸው። ከተፈቱ በኋላም ጌስታፖ ይፈልጋቸው ስለነበር ተደብቀው ቆዩ። በ1945 ጸደይ የሶቪየት ጦር ብራቲስላቫን ያዘ። አዲሱ አገዛዝ ደግሞ በተራው ሃንጋሪዎችን በሙሉ በጅምላ እንደ ጥፋተኛ ማየት ጀመረ። ኤስተርሃዚ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ኃላፊው ለጉስታቭ ሁሳክ አቤት ለማለት በገዛ እግራቸው ሄዱ። ሁሳክ ከብዙ ዓመታት በኋላ የቼኮዝሎቫኪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ናቸው። አቤቱታው አልተሰማም፤ አቤት ባዩ ግን በዚያው ታሠሩና ለሶቪየት የጸጥታ ሰዎች ተላልፈው ተሰጡ።

ወደ ሞስኮ ተወስደው ሉቢያንካ በተባለው እስር ቤት ተመረመሩ። 10 ዓመት የግዳጅ ሥራ ተፈርዶባቸው ወደ ሳይቤሪያ ተጋዙ። በዚያ የሳምባ ነቀርሳ ያዛቸው። እሳቸው በሳይቤሪያ ሳሉ፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1947፣ ብራቲስላቫ ውስጥ የተሰየመ ፍርድ ቤት አገር በማፍረስና ከፋሺስቶች ጋር በመተባበር ወንጅሎ በሌሉበት በስቅላት እንዲሞቱ ፈረደባቸው። ናዚዎች ከዳን ብለው ያሳደዷቸው ሰው ከናዚዎች ጋር ተባብረሃል ተብለው ሞት ተፈረደባቸው። ከ1945 ጀምሮ የሃንጋሪ ተወላጆች ዜግነታቸውን ተገፍፈው፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ከቤታቸው ተነሥተው ነበር። ኤስተርሃዚ የፈሩት ለራሳቸው ሕዝብም ደረሰ።

በዚህ የታሪካቸው ክፍል ጎልታ የምትታየን አንዲት ሴት ናት፤ ታናሽ እህታቸው ማሪሽካ። ሉይዛ ፈረንሳይ ገብታ የቤተሰቡን ታሪክ በመጽሐፍ አኖረች። ማሪሽካ ግን ወንድሟን ጥላ አልወጣችም። በ1949 ወንድሟ ከሶቪየት እስር ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ሲመለሱ ሞቱ የተፈረደባቸው፣ ሳምባቸው የተጎዳ ሰው ነበሩ። ምሕረት እንዲደረግላቸው ያመለከተችው እሷ ናት፤ በ1950 የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከዚያም ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው ሲያዛውሯቸው እየተከተለች ጠየቀቻቸው። ስንቅ ይዞ እስር ቤት በር ላይ ቆሞ መጠበቅን የሚያውቁ እናቶችና እህቶች በመካከላችን አሉ። ማሪሽካን ከእነሱ በላይ የሚረዳት የለም።

ኤስተርሃዚ በሞራቪያ በሚገኘው በሚሮቭ እስር ቤት ማርች 8 ቀን 1957 አረፉ። 56ኛ ዓመታቸውን ለመድፈን 6 ቀን ቀርቷቸው ነበር። እኛ በየዓመቱ የሴቶች ቀን ብለን የምናከብረው ዕለት ነው። አስከሬናቸው ተቃጠለ፤ አመዱ ለቤተሰቡ አልተሰጠም። ቤተሰቡ ቀብሮ ማልቀስ እንኳን ተከለከለ። አመዱ በክብር ያረፈው ከ60 ዓመት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2017፣ ኒትራ አካባቢ በምትገኝ ዶልኔ ኦብዶኮቭትሴ በተባለች መንደር በታነጸ የጸሎት ቤት ነው። ቀኑ የሞት ፍርዱ የተሰጠበት ቀን ሰባኛ ዓመት ነበር።

ሩሲያ በ1993 ፍርዷን አንሥታ ስማቸውን አደሰች። በ2011 የአይሁዶችን መብት የሚያስከብር አንድ የአሜሪካ ድርጅት ለድፍረታቸው ሽልማት ሰጣቸው። በ2019 የክራኮው ቤተ ክርስቲያን ብፁዕ ተብለው እንዲሰየሙ ምርመራ ጀመረች። በስሎቫኪያ ግን የ1947ቱ ፍርድ አልተሻረም።

ለእኛ የቀረልን ጥያቄ

ማኅበራችን የተቋቋመው እኛው ለእኛ እንድንደራረስ ነው። ካዝናችን ትንሽ ናት፤ የሚያግዙን ወዳጆቻችንም ይህን ያውቃሉ። አባል ያልሆነች፣ ቋንቋችንን የማትናገር፣ ከሌላ ወገን የሆነች ሴት በተቸገረች ጊዜ ሁሉ ያው ንግግር ይነሣል፤ የራሳችን መች አለቀና ይባላል። ንግግሩ ሐሰት አይደለም። ኤስተርሃዚም በ1942 ይህንኑ ማለት ይችሉ ነበር፤ በመያዣ የተያዘ የራሳቸው ሕዝብ ነበራቸውና።

ያደረጉት ነገር የሚከብድብን ፍጹም ሰው ስላልነበሩ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እጃቸውን አውጥተው ነበር። ሲነጋላቸው አላወጡም። ትናንት ስላወጣሁ ዛሬም ማውጣት አለብኝ አላሉም። ከእኛ መካከል ትናንት ዝም ብለን ያለፍነው ነገር የሌለን የለንም፤ ስለዚህ ይህ ለእኛም ተስፋ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሰብሳቢያችን የምትደግፉ ስትል እጃችንን ከማውጣታችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ ብለን ተስማምተናል። ይህ ውሳኔ የሚጎዳት፣ አዳራሹ ውስጥ የሌለች ሴት አለች ወይ? ካለች፣ ስለ እሷ የምትናገር አንዲት እህት ትነሣ። ብቻዋን ብትቀርም እናዳምጣት።